ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው ውሻ

ባለቤቴ ውሻውን ወደ ቤት ያመጣው በክትባት ሣጥን ውስጥ ነው። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ በረዶ የሚደረግበት፣ ክዳኑ በጎማ የሚታሰር ሰማያዊ ሣጥን ነበር። በረንዳው ላይ አስቀመጠውና «ክፈቺው» አለኝ። ስከፍተው ዓይኑን ገና የገለጠ ቡናማ ቡችላ ጋዜጣ ላይ ተኝቷል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ እርሻ ውሾች በዝተው እንዲወገዱ ታዝዞ፣ እሱም ለዚሁ ሥራ ተልኮ ነበር። አንዱን ይዞ መጣ። ስለ ሌሎቹ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እሱ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ በየገጠሩ እየዞረ ከብት ይከትባል። እኔ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጊዜው ደርግ ነው፤ የምንኖረው ከቀበሌ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል፣ ልጅ አልነበረንም። እኔ ያደግሁት ውሻ ደጃፍ በማያልፍበት ቤት ነው። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ውሻ ልብሳቸውን ከነካው ልብሱን ሳይቀይሩ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። ባለቤቴ ግን የይርጋለም ሰው ነው። ሥራውም እንስሳ ነውና ውሻው እግሩ ሥር ሲተኛ ምንም አይመስለውም።

ለውሻው ያወጣቸው ሕጎች ነበሩት። የግቢያችን በር መቀርቀሪያው ላልቶ ስለነበር ከላይ የሽቦ ቀለበት ሠራለት፤ የወጣም የገባም ሽቦውን መልሶ ማጥለቅ ነበረበት። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የዓሣ ጭንቅላት ያመጣና ቀቅሎ፣ ቁጭ ብሎ አጥንቱን አንድ በአንድ ይለቅምለታል። የሚበላው ከአንዲት የቆርቆሮ ሳህን ብቻ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ነገር ሊያነሳ ሲል «ተው!» ይለውና ያንኑ ምግብ ሳህኗ ላይ አድርጎ ይሰጠዋል። ይህን ስንት መቶ ጊዜ እንዳደረገው አላውቅም። በየጊዜው የውሻ በሽታ ተነሣ እየተባለ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጣል ስለነበር ነው። አንዳንዴ ማባያው ከጓሮ ጎመን የማያልፍ ሰው፣ ለውሻ እንዲህ ሲጨነቅ ሳይ ሳቄ ይመጣ ነበር።

ውሻው ሲያድግ መኪና ላይ ይዞት መውጣት ጀመረ። ሸራ የለበሰች የመሥሪያ ቤት መኪና ነበረች፤ የሚነዳት እሱ ራሱ ነው። ለመኪናውም የተለየ ሕግ ነበረው። ሲንቀጠቀጥ ያስመልሰዋልና ሊሄድ ሲል አይበላም። መኪናው በቆመ ቁጥር ውኃ ይጠጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአፍታም ቢሆን ብቻውን አይተውም። አንገቱ ላይ ገመድ ታስሮ አይጓዝም፤ ፍሬን ሲያዝ ያንቀዋል። ከአሮጌ ሻንጣ ጠፍር ቆርጦ በደረቱና በጀርባው ዙሪያ የሚያዝ ማሰሪያ ሰፋለት። ያንን ማሰሪያ ከኋላ ወንበር ብረት ጋር በአጭሩ ያስረዋል፤ ወደ ፊት መዝለልም፣ በመስኮት አንገቱን ማውጣትም እንዳይችል።

«ሰው መሳፈሪያ አጥቶ በእግሩ ሲሄድ ውሻ በመንግሥት መኪና!» ያሉ ነበሩ። ቀበሌም አንድ ቀን ጠርቶ ጠይቆታል። «ከብቱን ሰብስቦ የሚያቆምልኝ እሱ ነው» ብሎ መለሰ። ግማሹ እውነት ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ማሰሪያው እርጥብ ነበር። በዋዜማው እኔ ነኝ ያጠብኩት፤ የከብት ሽታ ሸቶኝ፣ ሳላስበው ከልብስ ጋር ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሊወጣ ሲል ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተሰቅሎ አገኘው። ጨመቀው፣ ውኃ ወረደው።

«በዚህ አላስረውም፣ ደረቱን ይልጠዋል» አለኝ።

«እንግዲያው ዛሬ ይቅር» አልኩት።

«እዚህ ቢቀር ሲጮህ ይውላል፣ ጎረቤት ያስቸግራል።»

ለትምህርት ቤት ረፍዶብኝ ነበር፤ ደብተሮቼን እየሰበሰብኩ ነው። «አንድ ቀን በገመድ ቢታሰር ምን ይሆናል?» አልኩት። ፊቴን እንኳ አላዞርኩም። እሱም ውሻውን ይዞ ወጣ። የሽቦው ቀለበት ሲጠልቅ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። ሰሌዳው ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፤ ጨርሼው ወጣሁ። ቢሮው ውስጥ ከባለቤቴ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ተነሡ። አንደኛው ስለ መንገዱ ማውራት ጀመረ፤ ኮረኮንች እንደሆነ፣ ወደ ይርጋለም ሲኬድ ከአፖስቶ በፊት ያለው መታጠፊያ መጥፎ እንደሆነ። ተናግሮ ሳይጨርስ ገባኝ። «ውሻውስ?» አልኩ። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ እስካሁን አላውቅም። ሰዎቹ ተያዩ።

ቀብሩ ይርጋለም ሆነ። የእነሱ የጴንጤ ጸሎት ቤት በዚያን ጊዜ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር የቤተሰቡ ወዳጆች በእናቱ፣ በአማቴ ግቢ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ዘመሩ። ሰው ሁሉ እኔን ያይ ነበር፤ አላለቀስኩም። እንደ እንጨት ሆኜ ነበር። አንዲት ሴትዮ ጉንጬን እየነካች «አልቅሺ ልጄ፣ ይወጣልሻል» ትለኝ ነበር። ላደርግላት ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

ከቀብር በኋላ አማቴ ከእኔ ጋር ሐዋሳ መጥተው ተቀመጡ። ዕድሩ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተከለ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ለለቀስተኛ ተከፍቶ በዋለው በር ውሻው ገባ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቷል። ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ አንድ ጆሮው ተሰንጥቋል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። በወንበሮቹ መካከል አልፎ፣ ድንኳኑን አቋርጦ፣ የባለቤቴ ጫማዎች የሚቀመጡበት በረንዳ ላይ ተኛ። 

መኪናው ውስጥ ውሻ እንደነበረ ሁሉም ሰምቷል። የባለቤቴ ወንድም ተነሣ። አማቴ በሲዳምኛ የሆነ ነገር አሉት፤ ሁሉንም ባልረዳም ስለ ምን እንደሆነ ገባኝ። ወንድሙ ወደ እኔ መጣና ጎንበስ ብሎ «እኔ ወስጄ እገላግልሻለሁ፣ አንቺ አትነሺ» አለኝ።

ተነሣሁ። ሳህኗን ፈልጌ ከድንኳኑ ምግብ አደረግሁበት፣ አጥንቱን ለቀምኩ። ውሻውን በደረቱ ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩትና አሰርኩት።  አማቴ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሐዘኑ አልቆ እስኪሄዱ ድረስም ወደ ጓሮ አልዞሩም። ሰው ሆዴ የራራ መሰለው። አልነበረም። በዚያ ሳምንት እጄ ሊሠራው የሚያውቀው አንድ ሥራ ቢኖር ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ተኩል ሳስበው እንደ አንድ ረጅም ቀን ይመስለኛል። እነሣለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ስብሰባ እገባለሁ፣ ቀበሌ ሱቅ እሰለፋለሁ፣ ተመልሼ የዓሣ አጥንት እለቅማለሁ። ውሻውን አልወደውም፣ አልጠላውምም። አንድ ቀን እንኳ ራሱን አላሻሸሁትም። ግን ባለቤቴ ያወጣውን ሕግ አንዱንም አላጎደልኩም። የክትባቱ ቀን ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ ድረስ በእግር ወስጄ አስከተብኩት። የወጉት ያን ቀን መኪናው ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የነበሩና ከአደጋው የተረፉ ሸምገል ያሉ ከታቢ ነበሩ፤ የተሰበረ ክንዳቸው ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመልሰው ነበር። የክትባት ወረቀቱ ላይ፣ ከባለቤቴ ፊርማ ሥር የራሳቸውን ፈረሙ። ስለ አደጋው አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ሰሞን ቀበሌው በድምፅ ማጉያ እየዞረ አስታወቀ። ያበደ ውሻ ሰው ነክሷል፣ ያልታሰረ ውሻ ሁሉ ይወገዳል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የሞቱ ውሾች የጫነ ጋሪ አጋጠመኝ፤ ነጂው ፉጨት እያፏጨ ነበር። ሁለት ቀን ውሻውን መኝታ ቤት ቆልፌበት ሄድኩ። ምንጣፉን ቦጫጭቆ ስለጠበቀኝ በሦስተኛው ቀን ጓሮ አስሬው ሄድኩ።

ለምሳ ስመለስ ከአጥሩ ውስጥ፣ ከውሻው አንድ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል ሥጋ ወድቃለች። ውሻው ተቀምጦ ያያታል፤ ከአፉ ለሐጭ ይወርዳል። አልነካትም።

ማን እንደጣላት አላውቅም። ሰው ይሆናል፤ ምናልባትም ከሐይቁ የሚመጡት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ከሥጋ ቤት ነጥቀው ሲበሩ ጥለዋት ይሆናል። ቆሜ አየኋት። የተሰማኝ ነገር አልነበረም። በኋላ በአካፋ አንስቼ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳት፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ሰዓቴን ሳይ የከሰዓቱ ትምህርት ተጋምሷል።

በዚያ ሳምንት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ስሜ ተነሣ።

«ጓድ መምህርት፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለ ፈቃድ ቀርተዋል። ምክንያትዎ ምንድን ነው?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ውሻዬን እየጠበቅሁ ነበር» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየና ተወው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በቤተሰብ ችግር» ተብሎ ተጻፈ።

በዓመት ተኩሉ ገደማ አማቴ በሰው መልእክት ላኩ። ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ እኔን ማየት ይፈልጋሉ፤ ስመጣ ውሻውን ይዤ እንድመጣ። መልእክቱን ያመጣችውን ነጋዴ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። «ውሻውን ይዘሽ ነይ ነው ያሉት?» «አዎ፣ ልየው ብለዋል።»

አውቶቡስ ውሻ አይጭንም። ሸምገል ያሉት ከታቢ ለሥራ ወደ ይርጋለም እንደሚወጡ ሰማሁና ሄጄ ለመንኳቸው። ሌላ መኪና ተሰጥቷቸዋል፤ እንደ ድሮዋ ሸራ የለበሰች ናት። «ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለውሻው ምግብ አልሰጠሁትም። ማሰሪያውን ከተሰቀለበት አውርጄ ስፌቱን ሁሉ እየሳብኩ አየሁ። ደረቱ ላይ አጥልቄለት በሩ ላይ ቆምን። መኪናው ሲመጣ ውሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አራት እግሩን ተክሎ አልገባም አለ። ተሸክሜ አስገባሁት። ከአደጋው ወዲህ ያቀፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበሩ ብረት ጋር በአጭሩ አስሬው እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ወታደር አስቆመን። የመውጫ ፈቃዱን አየና ወደ ኋላ አጮለቀ።

«ይሄ ውሻ ወረቀት አለው?»

የክትባት ወረቀቱን ሰጠሁት። ላይ ታች እያለ አነበበና የባለቤቴን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ከሞተ ወዲህ ስሙን ሙሉ አድርጎ የጠራው የማላውቀው ሰው ነበር።

«እዚህ ላይ የፈረመው ሰው እናንተ ጋ ነው የሚሠራው?»

«አሁን አይሠራም» አሉ ከታቢው። «ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።»

«እለፉ።»

ብዙ መንገድ ሄድን። ውሻው ለሐጩ እየወረደ ጉልበቴን አረጠበው። ማቆም ሲኖርብን አስቆምኳቸውና ውኃ አጠጣሁት። አፖስቶ ልንደርስ ስንል ሰውዬው ሳልጠይቃቸው ፍጥነት ቀነሱ፤ በኋላም መንገዱ ዳር ቆሙ። በስተግራ ቦይ አለ፣ ሣር በቅሎበታል። ሞተሩን አላጠፉም።

«እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ስላልጠየቅሽኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ በመስታወቱ እያዩ። «ግን ሰው ምን ምን እንደሚል እሰማለሁ። ባልሽ ቸልተኛ ነበር እንዳትዪ። ውሻውን አስሮት ነበር፤ በገመድ፣ እዚያው አንቺ ያሰርሽበት ቦታ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ገመዱ አንገቱ ላይ ነበር። መንገዱ እንደምታዪው ነው። በየጉድጓዱ እየተንጠለጠለ ሲታነቅ፣ ሲያጣጥር፣ አላስችለው አለ። አቁሞ ፈታው። የፊት ወንበር ላይ፣ በእኔና በእሱ መካከል አስቀመጠው። ደህና ነበርን። እዚህ ስንደርስ ከብት አቋረጠ። ውሻው ከብት ሲያይ ሥራው አይደል፣ ባልሽ ላይ ዘለለ። መሪው ላይ። በቃ።» ከዚያ «ርኅራኄው ነው የገደለው። ይህን እንድታውቂ ነው። የማንም ጥፋት አልነበረም» አሉ።

ሊያጽናኑኝ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ማሰሪያው ያን ቀን ለምን እንዳልነበረ አያውቁም። እኔ ቦዩን አየሁ። ሣሩን አየሁ። አንድ ነገር እንዲመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። «አመሰግናለሁ» አልኳቸው። የሚባለው ይህ መሰለኝ። «እንሂድ፣ ፀሐዩ ጠነከረበት» አልኩ ቀጥዬ።

የማሰሪያውን ነገር ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አማቴ ደጃፋቸው ላይ፣ እንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ትከሻቸው ወርዷል። ስስማቸው ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «የታለ?» አሉ።

ውሻውን አቀረብኩት። የዘረጉትን እጅ አሸተተ፤ መዳፋቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ቀሚሳቸውን። ከዚያ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አድርጎ ተነፈሰ። አማቴ ራሱን እየዳበሱ በሲዳምኛ ብዙ አወሩት። አልገሠጹትም፤ ድምፃቸው ልጅ የሚያስተኙ ያህል ለስላሳ ነበር።

ከምሳ በኋላ «እዚህ ይቅር» አሉኝ።

ያን ጊዜ ብቻ ልቤ ደነገጠ። «እማማ፣ ይህ ውሻ አስቸጋሪ ነው» አልኳቸው።

«ምን አስቸጋሪ? ውሻ ነው።»

«ከመሬት አይበላም። ሳህኑን ይዤለት መጥቻለሁ። የዓሣና የዶሮ አጥንት አይሰጠውም፣ ጉሮሮው ላይ ይሰካበታል። በሩ ከላይም መያዝ አለበት፣ ከታች ብቻ ከሆነ በአፍንጫው ይከፍተዋል። በየዓመቱ መከተብ አለበት። መኪና ላይ ከሆነ ደግሞ...»

«መኪና ላይ አይወጣም» አሉኝ ቀስ ብለው።

ማሰሪያውን ጠቀለልኩት።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ አማቴ፣ «ያን ቀን ግደሉት ብዬ ነበር። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ስምንት ልጅ አሳድጌያለሁ። ውሻም አሳድጋለሁ። አንቺ ከስታለሽ፤ ሂጂና ለራስሽ ብዪ።»

ትቼው ሄድኩ። ማሰሪያውንም ሳህኑንም የባለቤቴ ወንድም ተቀበለኝ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የተቀበለኝ። ስወጣ ውሻው አልተከተለኝም፣ አልጮኸም። አማቴ እግር ሥር ተኝቶ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ስመለስ የኋላ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ሰውዬውም ወደ ፊት ነይ አላሉኝም። ቀሚሴ ላይ ያለው እርጥበት ሐዋሳ ስንገባ ደርቆ ነበር።

ለበዓል እየሄድኩ አየው ነበር። ወፈረ፣ አረጀ። አማቴ ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ጎረቤት የሚሄዱት የእሱን ጀርባ ይዘው ነበር አሉ። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ተነሥቶ እንሰቱ መሃል ይገባል፤ ድምፁ እስኪጠፋም አይወጣም። እኔን ሲያይ ጅራቱን ሁለት ጊዜ ያወዛውዛል፣ ከዚያ ይተኛል። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንድ ሁለቴ ጆሮውን ዳበስኩት፤ የተሰነጠቀውን።

የሞተው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ በእርጅና፣ በቀን፣ በረንዳ ላይ ተኝቶ። ያችው ነጋዴ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነበር፤ አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወረቀት እያረምኩ ነበር። «አማትሽ ንገሪያት ብለውኝ ነው። ውሻው አርፏል» አለችኝ። ሞተ አላለችም።

«እሺ» አልኳት። «እሳቸው እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ወንድምየው ነው የቀበረው።»

ሸኘኋትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደወሉ እስኪደወል አረምኩ፣ ወረቀቶቹን አሰርኩ፣ ወደ ቤት ሄድኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ማርክ ልመዘግብ ወረቀቶቹን ስፈታ ከመሃል ጀምሮ ያሉትን፣ ነጋዴዋን ሸኝቼ ከተመለስኩ በኋላ ያረምኳቸውን ሁሉ ለየኋቸው። አንድም መስመር ሳላነብ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ለሁሉም ሰባ ሰባ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ ልጅ ባዶ ወረቀት ነበር የመለሰው፤ እሱም ሰባ አግኝቷል። ቁጭ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው አረምኳቸው።